ብዙ ካርድ፣ አንድ ብድር፦ የክሬዲት ካርድ ዕዳን ጠቅልሎ መክፈል

በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ዕዳ በሁለትና በሦስት ካርድ ተበታትኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። የየካርዱ ወለድ ይለያያል፤ የመክፈያ ቀኑም እንደዚያው። ይህን የተበታተነ ዕዳ በአንድ ጊዜ ከፍሎ፣ በምትኩ በየወሩ እኩል የሚከፈልና የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ አንድ ብድር መያዝ ዕዳን መጠቅለል ይባላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት መንገዶች በሰፊው የሚታወቀው ባንኮች፣ ክሬዲት ዩኒየኖችና በኢንተርኔት የሚሠሩ አበዳሪዎች ያለ መያዣ የሚሰጡት የግል ብድር ነው።

ብድሩ ግን ዕዳውን አይሰርዘውም። 12,000 ዶላር የካርድ ዕዳ የነበረበት ሰው ካርዶቹን በብድር በከፈለ ማግስትም ያው 12,000 ዶላር ዕዳ አለበት። የሚለወጡት የወለዱ መጠን፣ የመክፈያው ጊዜና የክፍያው ሥርዓት ናቸው። ብድሩ ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለው የሚታወቀው እነዚህን በማስላትና ካርዶቹ ባዶ ከሆኑ በኋላ ባለቤታቸው የሚያደርገውን በማየት ነው።

የካርድ ወለድ ለምን ከፍ አለ

እ.ኤ.አ. በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በምትባለው የካሊፎርኒያ ከተማ ለሚኖሩ 60,000 ሰዎች፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ባንክአሜሪካርድ ይባል የነበረው ይህ ካርድ በ1976 ቪዛ የሚለውን ስም ያዘ። ካርዱ ይዞት የመጣው ትልቅ ለውጥ የወሩን ሒሳብ በሙሉ መክፈል ግዴታ አለመሆኑ ነበር። ደንበኛው ጥቂት ከፍሎ ቀሪውን ከነወለዱ ወደሚቀጥለው ወር ማሻገር ቻለ።

በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች አበዳሪ ከዚህ በላይ ወለድ እንዳይጠይቅ የሚል ጣሪያ ነበራቸው። ጣሪያው የተናጋው በ1978 ነው። አንድ የኔብራስካ ባንክ ለሚኒሶታ ነዋሪዎች ካርድ በመስጠቱ በተነሳ ክርክር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ብሔራዊ ፈቃድ ያለው ባንክ የተቋቋመበትን ግዛት ወለድ በሌላ ግዛት ያሉ ደንበኞቹንም ማስከፈል ይችላል ሲል ወሰነ። ሳውዝ ዳኮታና ደላዌር የወለድ ጣሪያቸውን ሲያነሱ ባንኮች ወደዚያ ጎረፉ፤ ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን በ1981 ወደ ሳውዝ ዳኮታዋ ሱ ፎልስ ከተማ አዛወረ። ዛሬም የብዙ ካርድ ሰጪ ባንኮች አድራሻ እነዚህ ሁለት ግዛቶች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

በ2023 አጋማሽ የአሜሪካ ቤተሰቦች የክሬዲት ካርድ ዕዳ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር አለፈ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌደራል ሪዘርቭ በሚያወጣው መረጃ መሠረት፣ ከ2023 አጋማሽ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ወለድ የሚከፈልባቸው ካርዶች አማካይ ወለድ በዓመት ከ21 በመቶ በላይ ነበር። በዚያው ጊዜ ባንኮች ለሁለት ዓመት በሚሰጡት የግል ብድር ላይ የሚጠይቁት አማካይ ወለድ ወደ 12 በመቶ ይጠጋ ነበር። ዕዳን ጠቅልሎ የመክፈል ሐሳብ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ልዩነቱ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ብድሮች መያዣ የላቸውም። ነገር ግን ካርድ ባለቤቱ በፈለገው ቀን፣ በፈለገው መጠን፣ ደጋግሞ የሚበደርበት ክፍት በር ነው። የግል ብድር መጠኑም ማብቂያውም የተቆረጠ ነው፤ አበዳሪው የተበዳሪውን ገቢና የዕዳ ታሪክ መርምሮ አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ተበዳሪው ከዚያው ብድር ላይ አንድ ዶላር መጨመር አይችልም።

ዕዳው በካርዱ ላይ እንዴት ያድጋል

በካርድ የገዛ ሰው የወሩን ሒሳብ እስከ መክፈያው ቀን ድረስ በሙሉ ከከፈለ በግዢው ላይ ወለድ አይታሰብበትም። ይህ የእፎይታ ጊዜ ግሬስ ፒሪየድ ይባላል። ከሒሳቡ የተወሰነውን ብቻ ከፍሎ ቀሪውን ያሻገረ ሰው ግን እፎይታውን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚገዛው ዳቦና ወተት ሳይቀር ከገዛበት ዕለት ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል።

ወለዱ የሚሰላው በየቀኑ ነው። በዓመት 24 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት የ12,000 ዶላር ዕዳ በቀን ወደ 7 ዶላር ከ90 ሳንቲም፣ በወር ደግሞ ወደ 240 ዶላር ወለድ ያመጣል። የብዙ ካርዶች ዝቅተኛ ወርሃዊ ክፍያ የሚታሰበው የዕዳው 1 በመቶ ተወስዶ የወሩ ወለድ ሲጨመርበት ነው። በዚህ ሒሳብ የመጀመሪያው ወር ክፍያ 360 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 240ው ለወለድ ሲሄድ ከዋናው ዕዳ ላይ የሚቀነሰው 120 ዶላር ብቻ ነው።

ዕዳው ሲቀንስ ዝቅተኛው ክፍያም አብሮ ይቀንሳል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሌላ ምንም ሳይገዛ በየወሩ ዝቅተኛውን ብቻ የሚከፍል ሰው ከ10 ዓመት በኋላ ወደ 16,800 ዶላር ወለድ ከፍሎ፣ ገና ወደ 3,600 ዶላር ዕዳ ይቀረዋል። በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ይህን ስውር ሒሳብ ገሃድ ለማውጣት ሲል ካርድ ሰጪዎች በየወሩ በሚልኩት ስቴትመንት ላይ አንድ ሠንጠረዥ እንዲያትሙ አዘዘ። ሠንጠረዡ ዝቅተኛውን ብቻ በመክፈል ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚያልቅና በጠቅላላው ስንት እንደሚከፈል፣ ከጎኑም ዕዳውን በሦስት ዓመት ለመጨረስ በወር ስንት መክፈል እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ዕዳውን ለመጠቅለል የሚያስብ ሰው ማንኛውንም አበዳሪ ከማነጋገሩ በፊት ይህን ሠንጠረዥ ከሁሉም ካርዶቹ ስቴትመንት ላይ ቢያነብ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል።

ከካርድ ላይ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ከግዢ የከፋ ነው። ብዙ ካርዶች ለዚህ ወደ 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣሉ፤ ወለዱ ከፍ ይላል፤ የእፎይታ ጊዜም የለውም። ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባው፣ በክሬዲት ካርድ የተከፈለ ሐዋላን አንዳንድ ካርድ ሰጪዎች እንደ ጥሬ ገንዘብ ወጪ እንደሚቆጥሩት ነው። ለሐዘን ወይም ለሕክምና በጥድፊያ የተላከ ገንዘብ ከሌላው ዕዳ ይልቅ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሒሳቡ ሲሠራ

ሦስት ካርዶች ያሉት ሰው እንደ ምሳሌ ቢወሰድ፦ በአንዱ ላይ 6,000 ዶላር በ24 በመቶ፣ በሁለተኛው ላይ 3,000 ዶላር በ22 በመቶ፣ በሦስተኛው ላይ 3,000 ዶላር በ26 በመቶ ዕዳ አለበት። ድምሩ 12,000 ዶላር፣ አማካይ ወለዱ 24 በመቶ ነው። ይህ ሰው በ12 በመቶ ወለድ፣ በሦስት ዓመት የሚከፈል የግል ብድር ቢያገኝ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 399 ዶላር ይሆናል። በሦስት ዓመት ውስጥ የሚከፍለው ወለድ በጠቅላላው ወደ 2,350 ዶላር ነው። ብድሩን ሳይወስድ ያንኑ 399 ዶላር በየወሩ ለካርዶቹ ቢከፍል ግን ዕዳው የሚያልቀው በ47 ወር ገደማ ሲሆን ወለዱ ወደ 6,550 ዶላር ይደርሳል። ከኪስ የሚወጣው ወርሃዊ ገንዘብ ሳይጨምር ብድሩ ወደ 4,200 ዶላርና አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አተረፈ ማለት ነው።

ይህ ትርፍ የሚገኘው ግን ጊዜው ሳይለጠጥ ሲቀር ነው። ያው ብድር በአምስት ዓመት እንዲከፈል ቢደረግ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 267 ዶላር ይወርዳል፤ ወለዱ ግን ወደ 4,000 ዶላር ያድጋል። አሁንም ከካርዱ ይሻላል፤ ትርፉ ግን ተሸርሽሯል። ብድሩ 20 በመቶ ወለድ ያለውና በሰባት ዓመት የሚከፈል ቢሆን ደግሞ ወርሃዊ ክፍያው እንደቀድሞው ወደ 266 ዶላር ነው፤ ወለዱ ግን 10,400 ዶላር ይጠጋል። የወለዱ መጠን ከካርዱ አንሶ፣ ወርሃዊ ክፍያው ቀልሎ፣ በመጨረሻ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ካርዶቹን በትጋት ከመክፈል እጅግ በዛ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ወርሃዊ ክፍያን ብቻ አይቶ የሚፈርም ሰው በቀላሉ የሚወድቅበት ወጥመድም ይህ ነው።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ነገር ኦሪጂኔሽን ፊ የሚባለው ክፍያ ነው። ብዙ አበዳሪዎች ብድሩን ለማስፈጸሚያ ብለው ከሚሰጡት ገንዘብ ላይ አስቀድመው ይቆርጡታል። አንዳንዶቹ ምንም አይጠይቁም፤ ሌሎቹ ከ1 እስከ 8 በመቶ፣ ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። 5 በመቶ የሚቆርጥ አበዳሪ 12,000 ዶላር አበድሮ በእጅ የሚሰጠው 11,400 ዶላር ነው፤ ካርዶቹን ለመዝጋት 600 ዶላር ይጎድላል። ሙሉ 12,000 ዶላር በእጅ ለማግኘት ወደ 12,632 ዶላር መበደር ያስፈልጋል። ወለዱ 12 በመቶ፣ ጊዜው ሦስት ዓመት ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው ወደ 420 ዶላር ይወጣል። ማስታወቂያው 12 በመቶ ቢልም የብድሩ እውነተኛ ዋጋ በዓመት 15.6 በመቶ ያህል ሆነ ማለት ነው።

ይህን እውነተኛ ዋጋ የሚያሳየው ኤፒአር የሚባለው ቁጥር ነው። ኤፒአር ወለዱንና አስቀድሞ የተቆረጠውን ክፍያ ደምሮ በዓመት መቶኛ ያስቀምጣል። በ1968 የወጣው በብድር ላይ እውነቱን የመግለጽ ሕግ አበዳሪዎች ተበዳሪው ከመፈረሙ በፊት ይህን ቁጥር እንዲያሳዩ ያስገድዳል። በውሉ ላይ ጎን ለጎን የሚታተሙት አራት ሳጥኖች የዚህ ሕግ ፍሬ ናቸው። የመጀመሪያው ኤፒአሩን ይገልጻል፤ ሁለተኛው ብድሩ በዶላር ሲታይ በጠቅላላው የሚያስወጣውን ወለድና ክፍያ፤ ሦስተኛው ተበዳሪው በእርግጥ የሚያገኘውን ገንዘብ፤ አራተኛው ሁሉም ወርሃዊ ክፍያዎች ሲደመሩ የሚመጣውን ድምር ያሳያል። ሁለት ብድሮችን ለማወዳደር ከማስታወቂያው ትልልቅ ፊደላት ይልቅ እነዚህን አራት ሳጥኖች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ብድሩ ከየት ይገኛል

የግል ብድር የሚሰጡ ተቋማት በሦስት ይከፈላሉ። ባንኮች ብዙውን ጊዜ ጥሩ ወለድ የሚሰጡት ጥሩ የብድር ታሪክ ላለው፣ በተለይም ለነባር ደንበኛቸው ነው። ክሬዲት ዩኒየኖች በአባሎቻቸው የተያዙ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ማኅበራት ናቸው። ፌደራል ፈቃድ ያላቸው ክሬዲት ዩኒየኖች ከ1987 ጀምሮ በአብዛኛው ብድራቸው ላይ ከ18 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይጠይቁ በደንብ ተገድበዋል፤ ብድሩን ከጊዜው በፊት የሚከፍልን አባልም መቅጣት አይችሉም። የብድር ታሪኩ መካከለኛ ለሆነ ሰው መጀመሪያ ሊንኳኳ የሚገባው በር የእነሱ ነው። በኢንተርኔት የሚሠሩ አበዳሪዎች ፈጣኖች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በአንድ ቀን ውሳኔ ይሰጣሉ። የብድር ታሪኩ ደካማ ከሆነ ሰው ግን እስከ 36 በመቶ ኤፒአር የሚጠይቁ አሉ፤ እንዲህ ያለው ብድር ከካርዱ የባሰ ነው።

አበዳሪው በመጀመሪያ የሚያየው ክሬዲት ስኮርን ነው። በስፋት የሚሠራበት ፋይኮ የተባለው ነጥብ በ1989 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ከነጥቡ 35 በመቶው ክፍያን በጊዜው ከመክፈል፣ 30 በመቶው ካለው ዕዳ መጠን የሚመነጭ ነው፤ ቀሪው በብድር ታሪኩ ዕድሜ፣ በአዳዲስ ብድሮችና በብድሮቹ ዓይነት ላይ ይመሠረታል። ቀጥሎ የሚታየው የወር ገቢው ምን ያህሉ ለዕዳ ክፍያ እንደሚሄድ ነው። ኤክስፔሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስት መዝጋቢ ድርጅቶች የያዙትን የብድር ታሪክ ማንም ሰው አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ማየት ይችላል። ስህተት ካለ ከማመልከት በፊት ማስታረም ይገባል።

በቅርቡ ወደ አሜሪካ የገባ ሰው የብድር ታሪክ ስለሌለው ገቢው ጥሩ ሆኖ ሳለ ሊከለከል ወይም ከፍ ያለ ወለድ ሊጠየቅ ይችላል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በርካታ ኢትዮጵያውያን በተሰማሩበት የታክሲና የኡበር ሥራ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። ሾፌሩ ግብሩን ሲያሳውቅ የነዳጁንና የጥገናውን ወጪ፣ ወይም በእነሱ ምትክ በማይል የሚሰላውን ወጪ ስለሚቀንስ በታክስ ወረቀቱ ላይ የሚታየው የተጣራ ገቢ እጁ ከገባው ገንዘብ ያነሰ ነው። አበዳሪው የሚያየው ይህንኑ የተጣራ ገቢ ነው። ስለዚህ የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀትና የባንክ ስቴትመንት አዘጋጅቶ፣ የአካባቢውን ሁኔታ ከሚያውቅ ክሬዲት ዩኒየን ሠራተኛ ጋር በአካል መነጋገር በኢንተርኔት ቅጽ ከመሙላት የተሻለ ውጤት ሊያስገኝ ይችላል።

ኮሳይነር ወይም ዋስ ማቅረብ ወለዱን ሊያስቀንስ ይችላል። ለወንድም፣ ለእህት ወይም ለአብሮ አደግ ዋስ መሆን በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደ ወግ የሚቆጠር ውለታ ነው። ይሁንና ዋሱ የምሥክር ፊርማ የሚያኖር ሰው አይደለም፤ ከተበዳሪው እኩል ባለዕዳ ነው። ክፍያው ሲዘገይ የዋሱም ክሬዲት ስኮር ይወርዳል፤ አበዳሪውም ተበዳሪውን ሳይጠብቅ ዋሱን ሊጠይቅ ይችላል። ዋስ ለመሆን የሚስማማ ሰው ብድሩን ራሱ ለመክፈል አቅምም ፈቃደኝነትም ሊኖረው ይገባል።

ከማመልከቻው እስከ መጨረሻው ክፍያ

ሥራው የሚጀመረው ዕዳውን በወረቀት ላይ በማስፈር ነው፦ የካርዱ ስም፣ የዕዳው መጠን፣ ወለዱ፣ ዝቅተኛው ክፍያ። ከግል ብድሩ ኤፒአር ያነሰ ወለድ ያለበት ካርድ ከጥቅሉ መውጣት አለበት፤ እሱን ለብቻው መክፈል ይሻላል።

ቀጥሎ ከሦስት ወይም ከአራት አበዳሪዎች ቅድመ ግምት መጠየቅ ይቻላል። ብዙ አበዳሪዎች ሶፍት ኢንኳየሪ በሚባለው፣ ነጥብን በማይነካ ፍተሻ የሚሰጡትን ወለድ አስቀድመው ያሳያሉ። ተበዳሪው መርጦ በይፋ ሲያመለክት ግን ሃርድ ኢንኳየሪ ይደረጋል፤ ይህም ነጥቡን ለጊዜው በጥቂቱ ይቀንሰዋል።

ብድሩ ሲፈቀድ አንዳንድ አበዳሪዎች ገንዘቡን በቀጥታ ለካርድ ሰጪዎቹ ይልካሉ። ይህ አማራጭ ካለ መያዙ ይመረጣል፤ ገንዘቡ በተበዳሪው እጅ ከገባ ሌላ አጣዳፊ ጉዳይ ሊቀማው ይችላል። ካርዱ ተከፈለ ተብሎም ወዲያው መዘንጋት አይገባም። ወለድ በየቀኑ ስለሚታሰብ፣ ስቴትመንቱ ከወጣበት ዕለት ክፍያው እስከ ደረሰበት ዕለት ድረስ የተጠራቀመው ወለድ በሚቀጥለው ወር ስቴትመንት ላይ ብቅ ይላል። መጠኑ ጥቂት ዶላር ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ዘግቼዋለሁ ብሎ ሳይከፍለው ከቀረ ግን የመዘግየት ቅጣት ይከተላል፤ ከ30 ቀን በላይ ከቆየም በብድር ታሪኩ ላይ ለሰባት ዓመት የሚቆይ ጥላሸት ይሆናል። ሁለት ተከታታይ ስቴትመንቶች ዜሮ እስኪያሳዩ ድረስ ካርዱን መከታተል ያስፈልጋል።

የአዲሱ ብድር ክፍያ ደሞዝ በሚገባበት ሰሞን ከባንክ ሒሳብ በራሱ እንዲቆረጥ ቢደረግ መዘግየትን ያስቀራል፤ ለዚህም ወለዱን በትንሹ የሚቀንሱ አበዳሪዎች አሉ። ካርዶቹን በሙሉ መሰረዝ ብዙ ጊዜ አይመከርም። የተፈቀደው የካርድ ጣሪያ ሳይነካ ዕዳው ዜሮ ሲሆን ነጥቡ ይሻሻላል፤ ካርዱ ሲሰረዝ ግን ጣሪያውም አብሮ ይጠፋል። ዓመታዊ ክፍያ የሚጠይቅ ካርድ፣ ወይም ባለቤቱ ራሱን መግታት የማይችልበት ካርድ ግን ነጥብ ቢያስቀንስም መሰረዙ ይሻላል።

የት ላይ ይከሽፋል

ዕዳን የመጠቅለል ትልቁ አደጋ የተከፈሉት ካርዶች ተመልሰው መሙላታቸው ነው። ሦስቱም ካርዶች ዜሮ ሲሆኑ ባለቤቱ የ12,000 ዶላር ዕዳ እንዳለበት የሚያስታውሰው ወርሃዊው የብድር ክፍያ ብቻ ነው። ካርዶቹ ደግሞ ለትኬት፣ ለሠርግ፣ ለበዓል ዝግጁ ሆነው በኪስ ውስጥ ይቀመጣሉ። ወጪው ከገቢው የሚበልጥ ቤተሰብ ብድሩን ወስዶ ወጪውን ካላስተካከለ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ብድሩንም ካርዱንም ይከፍላል። ዕዳው የመጣው በአንድ ጊዜ ችግር፣ ለምሳሌ በሕመም ወይም በሥራ ማጣት ከሆነና ችግሩ ካለፈ ብድሩ መፍትሔ ይሆናል። ዕዳው በየወሩ ጥቂት በጥቂት የተከማቸ ከሆነ ግን መጀመሪያ መዘጋት ያለበት የወጪው ቀዳዳ ነው።

ሁለተኛው አደጋ መያዣ የሌለውን ዕዳ መያዣ ወዳለው ዕዳ መለወጥ ነው። ቤትን አስይዞ የሚወሰድ ብድር ወለዱ ከግል ብድር ሊያንስ ይችላል። ሆኖም የካርድ ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ሰው ክስና የነጥብ መውረድ ሲገጥመው፣ ቤቱን አስይዞ የተበደረ ሰው ቤቱን ሊያጣ ይችላል። ከጡረታ ቁጠባ መበደርም ሥራ በተለቀቀ ጊዜ ቀሪው ዕዳ ከቁጠባው እንደወጣ ገንዘብ ተቆጥሮ ግብርና ቅጣት ሊያመጣ ይችላል።

ሦስተኛው አደጋ ዕዳዎን በግማሽ እናስቀንሳለን እያሉ ስልክ የሚደውሉ ድርጅቶች ናቸው። እነዚህ አበዳሪዎች አይደሉም። ደንበኛው ለካርዶቹ መክፈሉን እንዲያቆም እየመከሩ ከካርድ ሰጪዎቹ ጋር እንደራደራለን ይላሉ፤ እስከዚያው ዕዳው ይቆለላል፣ ነጥቡ ይወድቃል፣ ክስም ሊመጣ ይችላል። ቢሳካላቸው እንኳ የተሰረዘው ዕዳ በመርህ ደረጃ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል። በ2010 የወጣው የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ እንዲህ ያሉ በስልክ የሚሠሩ ድርጅቶች ዕዳውን ከማስቀነሳቸው በፊት ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ሊጠረጠር ይገባል።

ሌሎች መንገዶች

ጥሩ ነጥብ ያለውና ዕዳውን በአጭር ጊዜ መጨረስ የሚችል ሰው ባላንስ ትራንስፈር በሚባለው መንገድ ዕዳውን ለተወሰነ ጊዜ ወለድ ወደማያስከፍል አዲስ ካርድ ማዛወር ይችላል። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 21 ወር ሲሆን የማዛወሪያ ክፍያው ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። 12,000 ዶላሩን በ3 በመቶ አዛውሮ በ18 ወር ለመጨረስ በወር ወደ 687 ዶላር መክፈል ያስፈልጋል። ይህን የሚችል ሰው ከግል ብድር ይልቅ በርካሽ ይወጣል፤ የማይችል ግን ጊዜው ሲያልቅ ወደ መደበኛው የካርድ ወለድ ይመለሳል።

ብድር የተከለከለ ወይም ያገኘው ወለድ ከካርዱ የማይሻል ሰው ለትርፍ ያልተቋቋመ የብድር አማካሪ ድርጅት ማነጋገር ይችላል። በ1951 የተመሠረተው ናሽናል ፋውንዴሽን ፎር ክሬዲት ካውንስሊንግ እንዲህ ያሉ ድርጅቶችን በአባልነት ያቀፈ ነው። አማካሪዎቹ ከካርድ ሰጪዎች ጋር ተነጋግረው ወለዱን በማስቀነስ፣ ደንበኛው በየወሩ አንድ ክፍያ ብቻ እየፈጸመ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት እንዲጨርስ ያደርጋሉ። አዲስ ብድር አይወሰድም፤ ብዙውን ጊዜ ግን በጥቅሉ ውስጥ የገቡት ካርዶች ይዘጋሉ። ዕዳው ከማንኛውም የመክፈል አቅም በላይ ለሆነበት ሰው ደግሞ ከጠበቃ ጋር ተመካክሮ በሕግ ኪሳራን ማሳወቅ የመጨረሻው መንገድ ነው።

አዲስ ብድር ሳይወስዱ ዕዳን መክፈልም ይቻላል። ለሁሉም ካርዶች ዝቅተኛውን እየከፈሉ የተረፈውን ገንዘብ ሁሉ ወለዱ ከፍ ባለው ካርድ ላይ ማዋል በወለድ ረገድ ብዙ የሚያተርፍ ዘዴ ነው። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ደግሞ እቁብ አላቸው። ወለድ የማይታሰብበትን የእቁብ ዕጣ ቶሎ ያገኘ ሰው 26 በመቶ ወለድ የሚበላውን ካርድ በአንድ ጊዜ ሊዘጋበት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጥለው ገንዘብ እንደ ብድር ክፍያ የተቆረጠ፣ ማብቂያውም የታወቀ ነው። የእቁብ ክፍያ ለብድር መዝጋቢዎች ስለማይነገር ነጥብ አያሳድግም። የታመኑበትን ገንዘብ አለመጣልም ከወዳጅ ዘመድ ጋር ያጣላልና አቅምን አይቶ መግባት ያሻል።

የክሬዲት ካርድ ዕዳን በግል ብድር መጠቅለል የሚያዋጣው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ክፍያው ሁሉ የተካተተበት ኤፒአር ከካርዶቹ አማካይ ወለድ በግልጽ ሲያንስ፣ ጊዜው ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በላይ ሳይለጠጥ ሲቀር፣ ወርሃዊ ክፍያው በጠባብ ወርም ሳይቀር የሚቻል ሲሆን፣ ካርዶቹም ተመልሰው ዕዳ ሳይያዝባቸው ሲቀር። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ከመፈረም በፊት ሌላውን መንገድ ማየት ይሻላል። ሁሉም ከተሟሉ ግን መዘግየት በየቀኑ ወለድ ያስከፍላል።